ኖራ የተቀባ ድንጋይ ሰርዶን አይገታም

በአዲስ አበባ ጠባብም ቢሆን ሳርና አበባ ያለበት ግቢ ያለው ሰው ብሶቴን የሚጋራኝ ይመስለኛል። ሳር ማብቀል ቀላል ነው፤ አበባ መትከልም ያን ያህል አይከብድም፤ አሳሬን የሚያበላኝ ሳሩ የሚያበቃበትና የአበባው መደብ የሚጀምርበት፣ ስንዝር የማይሞላው ጠርዝ ነው። ይህን ጠርዝ በሥርዓት እንዲያበጅልኝ የማስመጣው ሠራተኛ ሁሉ ደግሞ ግቢውን በዓይኑ ቃኝቶ ሳይጨርስ መልሱን ይነግረኛል፦ «ችግር የለውም እትዬ፣ ድንጋይ እንደረድርበትና ኖራ እንቀባዋለን፤ ያምራል።»

ኖራው በዝናብ እስኪታጠብ ድረስ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ከሳሩ ወደ አበባው መደብ የሚሻገረው ሰርዶ ነጭ ቀለም አይቶ የሚመለስ ሣር አይደለም። ከመሬት በላይ የሚንፏቀቀው ግንዱ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ይጓዛል፤ ከመሬት በታች ያለው ነጭና ሹል ግንዱ ደግሞ አፈሩን እየወጋ ይሄዳል። ሁለት ጣት ያህል ብቻ የተቀበረ ድንጋይ በሥሩ ለሚያልፍ ተክል መከላከያ ሳይሆን መሸሸጊያ ነው፤ ምክንያቱም ሰርዶው አንዴ ከድንጋዩ ሥር ከገባ በኋላ ድንጋዩን ሳያነሡ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም። ክረምቱ ገብቶ ሰኔና ሐምሌ ሲያረጥቡት በጽጌረዳው እግር ሥር ብቅ ይላል፤ ከዚያ ጤና አዳሙን ያንቃል፤ ቀጥሎ የጽጌረዳውን ሥር ከራሱ ሥር ጋር ስለሚያጠላልፈው አንዱን ለመንቀል ሌላውን ማናጋት ግድ ይሆናል። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ስትል ምኞቷ ሠምሮላት ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

«እንግዲያው በሲሚንቶ እናስረው» የሚሉም አሉ። የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ ነው። በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በዚህ አፈር ላይ መሠረት ሳይቆፈርለት በላዩ የተለሰነ ቀጭን የሲሚንቶ ጠርዝ ዓመቱን ሳይጨርስ ይሰነጠቃል፤ አዘንብለው እንደ መጋዝ ጥርስ የተተከሉት ጡቦችም አንዱ ወደ ሳሩ፣ ሌላው ወደ አበባው ይጋደማሉ። ሰርዶውም በስንጥቁ ውስጥ ያለ ከልካይ ያልፋል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን የዶማው ነገር ነው። ጠርዙን «አጽዳልኝ» ሲባል ዶማውን አንሥቶ የወረረውን ሰርዶ እዚያው መደቡ ውስጥ የሚከትፍ ሠራተኛ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። እያንዳንዱ አንጓ ያለው ቁራጭ ሥር አውጥቶ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናልና፣ ይህ ሰርዶን መትከል እንጂ ማጥፋት አይደለም። ይባስ ብሎ ክታፊውን ሰብስቦ ከግቢው ጥግ ይከምረዋል፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ክምሩ ራሱ ይለመልማል። ትክክለኛው መንገድ አፈሩን በመንሽ ወይም በእጅ መኮትኮቻ አላልቶ ግንዱን ሳይበጥሱ በርጋታ እየተከተሉ መሳብና የተነቀለውን በፀሐይ አድርቆ ከግቢ ማስወጣት ነው። ይህን ስናገር የሚመለከቱኝ አመለካከት፣ ገንዘቤን የማባክንበት ያጣሁ ሰው እንደሆንኩ ዓይነት ነው።

እኔ የምፈልገው ጠርዝ ረቂቅ ነገር አይደለም። ችካል ተተክሎ ሲባጎ ይወጠር፤ በሲባጎው መስመር ጠፍጣፋ አካፋ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ በሳሩ በኩል እንደ ግድግዳ የቆመ፣ በአበባው በኩል ተዳፋት የሆነ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይውጣ። ከላይ የሚንፏቀቀው ሰርዶ ባዶው ቦይ ላይ ሲደርስ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ በመቀስ ይቆረጣል፤ ከታች የሚመጣውም ከግድግዳው ሲወጣ ይጋለጣል። ቦዩ ደግሞ በክረምት ደጋግሞ መታደስ አለበት፤ ጠርዝ አንዴ ተሠርቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። ችግሩ ይህን ሥራ እንደ ሥራ የሚቆጥረው አለመኖሩ ነው። በየመደብሩ የሚሸጠው አካፋ ጎድጓዳና አፈ ሹል በመሆኑ ቀጥ ያለ መስመር አይቆርጥም፤ የጠርዝ መቁረጫ ብዬ ስጠይቅም የአጥር መከርከሚያ መቀስ ነው የሚያወጡልኝ።

ድንጋይ የግድ ካስፈለገ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመሬቱ እኩል ተቀብሮ የሳር ማጨጃው ጎማ በላዩ እንዲሄድ ብዬም ለምኜ ነበር። ወደ ላይ ያፈጠጠ ድንጋይ ማሽኑን ስለሚያግደው ከድንጋዩ ሥር የሚቀረው ሳር በማጭድ ወይም በመቀስ፣ በጉልበት ተንበርክኮ መቆረጥ አለበት፤ የሚንበረከከው ደግሞ ድንጋዩን የደረደረው ሰው አይደለም። የተሰጠኝ መልስ ግን «እትዬ፣ እንዲህ ከሆነማ አይታይም እኮ!» የሚል ነበር። እነሆ የጉዳዩ ሥር። ጠርዝ በእኛ ዘንድ እንዲታይ እንጂ እንዲያግድ አይሠራም። የሆቴሉም፣ የካምፑም፣ የአደባባዩም ድንጋይ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ካበራ ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ምን እንዳለ አያይም።

ዘመዶቼ ደግሞ በየበዓሉ እየመጡ «ሁሉንም ሊሾ አድርጊውና ተገላገይ» ይሉኛል። ቡናቸውን የሚጠጡት እዚያው ሳሩ ላይ ወንበር አስወጥተው፣ የጽጌረዳውን መልካም ሽታ እያደነቁ ነው! መድኃኒት እርጪበት የሚሉም አልጠፉም፤ ሰርዶን ከነሥሩ የሚገድለው የተለመደው መድኃኒት የጽጌረዳ ቅጠል ላይ ሲያርፍ እንደማይምር የሚያስታውሳቸው የለም።

ስለዚህ በመጪው ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቦዩን የሚቆርጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሲባጎውንና ችካሉን እኔ አቀርባለሁ፤ አንድ አካፋም በብየዳ ቤት አስቀጥቅጬ አፉን ጠፍጣፋ አስደርጌዋለሁ። የኖራ ባልዲ ይዞ የሚመጣ ግን ከበር ይመለሳል።