መኳኳሉስ ቀለም መቀባቱ ነው

«ፖሊሽ መኳኳል ነው፤ ጭረት ያለበት ተሽከርካሪ ሁሉ ጋራዥ ገብቶ ይቀባ።»

ይህን የወሰኑት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም፤ ውሳኔው የተለጠፈበትን ሰሌዳ ያየ ያውቀዋል። መኪናዎቹን ግን ግቢው ውስጥ ቆመው አይቻቸዋለሁ። የአንዷ ፓራፋንጎ ተገጭቷል፤ እሱስ ይቀባ። የቀሩት ጭረታቸው ጎንበስ ብሎ ላልፈለገው ሰው አይታይም።

ለውሳኔው ከቀረቡት ምክንያቶች ሁሉ ያስገረመኝ «ፖሊሽ ቀለም ያሳሳል» የሚለው ነው። ያሳሳል፤ ማን ካደ? ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር የሚባለው መስታወት መሳይ ንብርብር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ፖሊሽ ገጹን አሽቶ ማለስለስ ነውና ከዚህ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ቀለም ቀቢው ግን ሥራውን በምን የሚጀምር ይመስላችኋል? በብርጭቆ ወረቀት ነው! አዲሱ ቀለም እንዲይዝለት በሩን በሙሉ ይፍቀዋል፤ የጎደጎደውን የሚሞላበት ስቱኮ ካስፈለገው ደግሞ እስከ ላሜራው ይወርዳል። እንግዲህ ጥቂት ማይክሮን ያሳዘናቸው ሰው ሙልጭ ብሎ ለሚፋቀው ፊርማቸውን አኖሩ። ፀጉሬ ሳሳ ብሎ ምላጭ ያነሣ ሰው ካያችሁ ይኸው ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን ማገዶ የጫነች አህያ ሰማያዊ ኮሮላዬን ታክካ አለፈች፤ ከፊት በር እስከ ኋላ በር አንድ ነጭ መስመር ተወችልኝ። ፖሊሽ የሚሠራው ልጅ በሩ ላይ ውኃ አፈሰሰና «ጋሼ፣ ሲርስ ጠፋ አይደል? ከላይ ነው። ጥፍርዎን ያሂዱበት እስቲ» አለኝ። አስኬድሁት፤ አልያዘውም። በሳሙና ውኃ እያራሰ ደቃቁን 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ይበልጥ ደቃቁን 3000 አስከተለ። የሚወርደው ውኃ እንደ አጓት ነጣ። «ሰማያዊ ቢወርድ ኖሮ እጄን አነሣ ነበር፤ ክሊሩ አለቀ ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ኮምፓውንድ የሚባለው ማሻሻ ቅባት፣ ከዚያ በማሽን ፖሊሽ፤ ማሽኑን አንድ ቦታ ላይ አያቆየውም፤ በሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስም ያቀለዋል፤ ጠርዝ ላይ ክሊሩ ቶሎ ይቃጠላልና። ጀበናው ሦስተኛ ሳይደርስ መስመሩ የት እንደነበረ ማሳየት አቃተኝ። የከፈልሁት እዚያው ሠፈር ለቀለም ከተጠየቅሁት ሲሶውን አይሞላም።

ዋጋው ግን ዋናው ነገሬ አይደለም። ዋናው ነገሬ የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተፋቀ የማይመለስ መሆኑ ነው። ይህን ደግሞ እኔ ሳልሆን ገበያው ያውቀዋል። በዚህ አገር ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ማግኔት ይዞ ይሄዳል፤ ስቱኮ ያለበት ላይ አይጣበቅማ። በጣቱ ያንኳኳል። የበሩን ጎማ ገልጦ የቀለም ፍንጣቂ ይፈልጋል። ኮፈኑን አስከፍቶ ብሎኖቹ ተፈትተው እንደሆነ ያያል። ሻጩም «ቀለሟ አልተነካም» ብሎ ይምላል፤ ለዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያገኛልም። ሲገዙ ያልተነካ ቀለም የሚሉ ሰዎች ሲያስተዳድሩ ይነካ ይላሉ። የራስ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ልዩነቱ እዚህ ላይ ካልታየ የት ይታያል?

የማይመለስበትም ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ፋብሪካ ቀለሙን የሚያበስለው ባዶውን ቦዲ፣ ሽቦና ወንበር ሳይገባበት፣ 140 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ነው። የተገጣጠመ መኪና እዚያ ቢገባ ጎማውና ፕላስቲኩ ይበላሻል፤ ስለዚህ ደህና ፎርኖ ያለው ጋራዥ እንኳ ከ60 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። የእኛስ? የእኛ ፎርኖ የጥር ፀሐይ ነው። ክሊሩ ሳይደርቅ ከአውድማው የጤፍ ገለባ ይመጣና ይለጠፍበታል። በሐምሌ ደግሞ እርጥበቱ ገብቶ ደመና ያስመስለዋል። ቀለሙ የሚደባለቀው በዓይን ሚዛን ነውና ከሁለት ክረምት በኋላ በሩ አንድ ዓይነት፣ ፓራፋንጎው ሌላ ዓይነት ሰማያዊ ይሆናል። የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ወርቁን ፍቆ ሰም የሚቀባ ግን አሁን ገና አየሁ።

(ስለ ቀለም ቀቢዎቹ ማንም አላነሣም። በማድረቂያ በሚቀላቀለው ቀለም ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ አስም ያመጣል። ልጆቹ አፋቸው ላይ የሚያስሩት ነጠላ ቢጤ አያስቆመውም።)

ላሜራው ከታየ ፖሊሽ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ዝገት ለክረምታችን ይሉኝታ የለውም። እሱንም ቢሆን ጭረቷን ብቻ በትንሽ ብሩሽ መድፈን ይቻላል። በየወሩ ፖሊሽ ይደረግ የሚልም የለም፤ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ክሊሩ ካለቀ ፀሐይዋ ቀለሙን አትምረውም።

ለመሆኑ ጭረቱን ማን አመጣው ተብሎ ተጠይቋል? በየማለዳው የአባይን በረሃ አቧራ በደረቅ ጨርቅ የሚጠርገውን ሹፌር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኮፈኑ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው መስመር የእሱ እጅ ሥራ ነው። አዲሱም ቀለም ሳምንት ሳይሞላው ያንኑ ጨርቅ ያገኘዋል። አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ንጹሕ ስፖንጅ ግን በውሳኔው ውስጥ አልተጠቀሰም።

ትናንት በጋራዡ በኩል አለፍሁ። ከፒክአፖቹ አንዷ መስታወቷ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ጎኗ ሁሉ ተፍቆ ግራጫ ሆኖ ቆማለች። አጠገቧ ዶሮዎች አፈር ይጭራሉ። የነጂው በር ላይ አንድ ጭረት ነበር፤ በምራቄ አርሼ ሲጠፋ ያየሁት። አሁን የለም። ቀለሙም የለም።