ካሜራው አልተበላሸም! ቤታችን ውስጥ ያለው ሁለት ራውተር ነው

ዛሬ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። አስራ አንድ ቀን ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርረኝ የከረመውን ነገር ልጻፈው። ቢረዝምም ቻሉኝ።

የምንኖርበት ግቢ ሁለት ቤት አለው። ከፊት ያለው ትልቁ ነው። ከኋላ ባለው ትንሹ ቤት እናቴ ትኖራለች። ኢንተርኔቱ የሚገባው በትልቁ ቤት በኩል ነው። ዋይፋዩ ጓሮ ድረስ አልደርስ ሲል ሁለተኛ ራውተር ገዛን፤ ከዋናው ኬብል ስበን እናቴ ቤት አስቀመጥነው። ሠራ። እናቴ በስልኳ ከልጅ ልጆቿ ጋር እየተያየች ታወራለች። ለብዙ ጊዜ ማንም ቅሬታ አልነበረውም።

ከዚያ ካሜራ ለማስገጠም ወሰንን። አራት ካሜራ፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጓሮ። ምስሉን የሚቀዳው ሳጥን፣ ኤንቪአር የሚሉት፣ ትልቁ ቤት ውስጥ ዋናው ራውተር አጠገብ ተቀመጠ። የፊቶቹ ካሜራዎች ወዲያው ገቡ። የጓሮዎቹን ከእናቴ ቤት ዋይፋይ ጋር አገናኘናቸው። ቅርብ ነው፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም። ማንም ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚያደርገው።

አልታዩም።

የኤንቪአሩ ስክሪን ለአራት ተከፍሏል። ከላይ ሁለት ምስል፣ ከታች ሁለት ጥቁር። «ፈልግ» የሚለውን እጫናለሁ፣ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ «መሣሪያ አልተገኘም» ይላል። ጓሮ ሄጄ አየዋለሁ። ካሜራው ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል። መብራቱ አይርገበገብም፤ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቻለሁ ማለቱ ነው። እዚያው ጓሮ ቆሜ በስልኬ ስከፍተው ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ስልኬን ይዤ ትልቁ ቤት ስገባ ይጠፋል። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት እኔና የግቢው ድንጋይ ነን የምናውቀው።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ አምስት ደቂቃ አልቆየም። «ወንድሜ፣ ሁለቱ ካሜራዎች ተቃጥለዋል፣ መቀየር አለባቸው» አለኝ። በስልኬ እየታዩ እኮ ነው ስለው፣ «አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል» ብሎ እቃውን ሰበሰበ። አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል! ይህ መልስ ነው? የተቃጠለ ካሜራ እንዴት ብሎ ነው ጥርት ያለ ምስል የሚያሳየው?

በስድስተኛው ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ልጄ፣ የጓሮውን በር የሆነ ሰው ገፋው» አለችኝ። ቀድሜ የሮጥኩት ወደ ስክሪኑ ነው። ከታች ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣ ማንም የለም፣ በሩም አልተከፈተም። እናቴ ግን እስኪነጋ አልተኛችም። እኔም አልተኛሁም። ካሜራ የገዛነው ለዚያች ሌሊት ነበር። ያቺ ሌሊት መጣች፤ ካሜራው ሁሉንም እያየ፣ የሚቀዳው ሳጥን ግን ካሜራው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የእያንዳንዱን መሣሪያ አይፒ አድራሻ፣ ኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ እየፈለግኩ ጻፍኩ። ኤንቪአሩ 192.168.1.50 ነው። የፊቶቹ ካሜራዎች 192.168.1.21 እና 192.168.1.22 ናቸው። የጓሮዎቹ 192.168.0.21 እና 192.168.0.22። አንዱን ከአንዱ በታች ስጽፋቸው ነው የታየኝ። ሦስተኛዋ ቁጥር። ከፊት 1፣ ከጓሮ 0። ከዚህች አንዲት ቁጥር ሌላ የተበላሸ ነገር አልነበረም።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ራውተር ገዝታችሁ ኬብሉን ዋን (WAN) በሚለው፣ ኢንተርኔት በሚገባበት ቀዳዳ ከሰካችሁት፣ ያ ራውተር የዋይፋዩን ሲግናል ማራዘም ብቻ አይደለም ሥራው። ቤታችሁን ለሁለት ይከፍለዋል። የራሱን ኔትወርክ ይፈጥራል፣ የራሱን አድራሻ ያድላል፣ በሁለቱ መሀል ላይ ደግሞ እንደ ዘበኛ ይቆማል። ከእሱ ጀርባ ያለው ወደ ውጭ ሲወጣ ያሳልፈዋል፣ መልሱንም ያመጣለታል። ከውጭ ራሱ የመጣውን ግን «ማንን ፈልገህ ነው?» ይልና ይመልሰዋል። ለእሱ «ውጭ» ማለት ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ትልቁ ቤት ራሱ ለእሱ ውጭ ነው! ጓሮ ሆኜ የኤንቪአሩን ገጽ በአድራሻው ስጠራው ሲከፈትልኝ፣ ከትልቁ ቤት የጓሮውን ካሜራ ስጠራ ግን ዝም የሚለኝ ለዚህ ነው። መንገዱ ለአንድ ወገን ብቻ ነው የተከፈተው።

ፍለጋውም ቢሆን ከመጀመሪያው የሚሳካ አልነበረም። የተለያየ ፋብሪካ ካሜራና መቅረጫ እንዲግባቡ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ኦንቪፍ የሚባል ስምምነት አለ። በእሱ አሠራር ኤንቪአሩ ካሜራ ሲፈልግ ለጋራ ጥሪ ወደተመደበው አድራሻ፣ ወደ 239.255.255.250፣ በፖርት (መሣሪያው ላይ ባለ የመግቢያ በር ቁጥር) 3702 «ካሜራ የሆናችሁ አቤት በሉ» ብሎ ይጣራል። ያ ጥሪ የሚሰማው እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ራውተር አይሻገርም። ስለዚህ ያንን «ፈልግ» የሚል ቁልፍ መቶ ጊዜ ብጫነውም ለውጥ አልነበረውም።

ሁለቱም ራውተሮች የራሳቸው አድራሻ 192.168.1.1 ሆኖ ከፋብሪካ ከመጡባችሁ ደግሞ የባሰ ነው። አንዳንዱ ራሱ አውቆ ይቀይራል፤ የማይቀይረው ደግሞ የኋላውን ቤት በሙሉ ከኢንተርኔት ያስወጣዋል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሁለተኛው ባለሙያ ነው። እሱ ቢያንስ ራውተሩን ከፍቶ አይቷል። መፍትሔ ብሎ ያደረገው ዋናው ራውተር ላይ ፖርት 554 እና 80ን ለኢንተርኔት መክፈት ነው። «አሁን ከየትም ሆነው ያያሉ» አለኝ። ጓሮው ያው ጥቁር ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ራውተር አሁንም መሀል ላይ ቆሟል። የሆነው ነገር ቢኖር የቤታችን በር ለዓለም ተከፍቶ መተዉ ነው። የኤንቪአሩ ፓስወርድ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው ነበር!

ይህ ቀልድ አይደለም፣ ወገን። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ ክፍት የሆኑ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን እየለቀመ ያዘ። የተራቀቀ ነገር አልነበረውም። ፋብሪካ የሚያወጣቸውን ከ60 በላይ የስምና የፓስወርድ ጥንዶች እየሞከረ ነበር የሚገባው። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻቸው በሚመራው ዳይን በሚባለው ድርጅት ላይ በተፈጸመው ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፍት ብለው ነበር። ጥቃቱን ካደረሱት መሣሪያዎች መሀል በየሰው ቤት የተሰቀሉ ካሜራዎች ነበሩ። እንግዲህ የእናቴን ጓሮ የሚያይ ካሜራ ለማሳየት ተብሎ እንዲህ ያለ በር ይከፈታል? ከውጭ ሆኖ ማየት የፈለገ ሰው ቪፒኤን የሚባል፣ ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተቆለፈ መንገድ አለለት። ብዙ ራውተሮች ውስጥ አብሮ ይመጣል። በዚያው ቀን ፖርቶቹን ዘጋሁ፣ ፓስወርዱን ቀየርኩ።

ትክክለኛው መፍትሔ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ግማሽ ሰዓት! ለዚያ ነው አስራ አንድ ቀን የተንገላታሁት።

ሁለተኛውን ራውተር ዘበኝነቱን ማስተው ነው። ብዙዎቹ «አክሰስ ፖይንት» የሚል፣ ዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጩ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ እሱን መርጦ ማስቀመጥ ነው፣ በቃ። የእናቴ ቤቱ አሮጌ ስለሆነ ምርጫው የለውም፣ ስለዚህ በእጅ ሠራሁት። ላፕቶፑን በኬብል ሰካሁ። የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.1.2 ቀየርኩ፤ ዋናው ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፣ የእኛው ከ20 እስከ 200 ነው የሚያድለው። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አድራሻ የሚያድልበትን ሥራ፣ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ ከዋናው የሚመጣውን ኬብል ዋን ከሚለው ነቅዬ ላን (LAN) ከሚሉት፣ የቤት መሣሪያዎች ከሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካሁት። ቅደም ተከተሉን አደራ። ዲኤችሲፒውን ሳታጠፉ ኬብሉን ካዛወራችሁ ሁለት አዳይ በአንድ ቤት ይሆንና የፊቱም ቤት አብሮ ይታመሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አድራሻውን እንደቀየራችሁ የራውተሩ ገጽ ይጠፋባችኋል። አልተበላሸም። አዲሱን አድራሻ፣ 192.168.1.2ን፣ ጻፉና ግቡ። ላፕቶፑ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ከቀረ ነቅሎ መሰካት ነው።

ካሜራዎቹን አጥፍቼ አበራኋቸው። አዲስ አድራሻ ከዋናው ራውተር ወሰዱ። «ፈልግ» ስል በሴኮንዶች ውስጥ ሁለቱም መጡ። ተቃጥለዋል የተባሉት ካሜራዎች ናቸው እንግዲህ። ካሜራው ላይ በእጅ የተጻፈ ቋሚ አድራሻ ካለ ግን እሱን አስቀድማችሁ ቀይሩት፤ አለዚያ ካሜራው በ0 ቀርቶ እንደገና ይጠፋባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረ። አድራሻ የሚታደለው በውሰት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊቀየር ይችላል። ትናንት የሠራው ካሜራ ዛሬ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ዋናው ራውተር ውስጥ ገብቼ ለአራቱም ካሜራዎችና ለኤንቪአሩ የየራሳቸውን አድራሻ አስያዝኩላቸው። ካሜራ የሚገጥም ሰው ይህን ሳያደርግ ከቤት መውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

«ካሜራን ለብቻው ኔትወርክ ማድረግ ለደህንነት ይሻላል» የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ይሻላል። ግን አውቆ መለየትና ሳያውቁ መለያየት አንድ አይደለም። ካሜራውን ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ መቅረጫውንም አብራችሁ አስቀምጡት። አንዱን ከአጥር ወዲህ አንዱን ከአጥር ወዲያ ትቶ ደህንነት የሚባል ነገር የለም።

አሁን የምጠይቀው ካሜራና ራውተር የሚሠሩትን ሰዎች ነው። የካሜራው አፕ ስልኬ ያለበትን አድራሻ ያውቃል። ሁለተኛው ራውተር በዋን በኩል የተቀበለው አድራሻ በ192.168 ሲጀምር ከሌላ ራውተር ጀርባ መቀመጡን ሊያውቅ ይችላል። ለምን አይናገርም? «ካሜራውና መቅረጫው የተለያየ ኔትወርክ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ» የምትል አንዲት መስመር ለመጻፍ ምን ይከብዳል? «መሣሪያ አልተገኘም» ማለት እኮ ለማንም ምንም አይነግርም። ሰው ደህናውን ካሜራ አውጥቶ ይጥላል። ሌላ ይገዛል። አዲሱም አይታይም።

ለገጣሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። ቤት ስትገቡ መጀመሪያ «እዚህ ቤት ስንት ራውተር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዳቸውም አልጠየቁኝም። አንደኛው እናቴ ቤት ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ራውተሩ ፊት ለፊቱ መደርደሪያ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነበር።

ትናንት ማታ አራቱም ክፍል በርቶ ሳለ እናቴ ልብስ ልታወርድ ወደ ጓሮ ወጣች። በስክሪኑ አያታለሁ። ካሜራው ሥር ስትደርስ ቆም ብላ ቀና አለች። ወዲያው ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ አሁን እታያለሁ?» አለችኝ። «ትታያለሽ እማዬ» አልኳት። ልብሷን ሰብስባ ገባች፣ መብራቷን አጠፋች።

አምስቱን አድራሻዎች በትልቁ ጽፌ ኤንቪአሩ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ከላዩ ላይ «ሁለተኛ ራውተር አለ፣ 192.168.1.2፣ ዋን ላይ ኬብል አትሰኩ» ይላል። ከእንግዲህ የሚመጣ ባለሙያ ካሜራ ተቃጥሏል ከማለቱ በፊት እሱን ያንብብ።