እርማት፦ የአሞናይት ዕድሜ በካርቦን አይለካም

ወንድሜ፣ ሱሉልታ መንገድ ዳር ከተራገፈ የኖራ ድንጋይ መሃል ያገኘኸው ጥምዝምዝ ቅሪት በጣም ያምራል። «ድንጋይ የሆነ ቀንድ አውጣ ነው፤ ዕድሜው በካርቦን ይለካል» ያልከው ግን ልክ አይደለም፤ አሞናይት የሚባል፣ ዛሬ የጠፋ የባሕር እንስሳ ይመስላል። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል።

ለዕድሜ መለኪያ የሚያገለግለው የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን 14፣ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ለሆነ ነገር አይሠራም። አሞናይቶች ከጠፉ ደግሞ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል።

እንዲያውም የድንጋዩን ዕድሜ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። አንዱ ዝርያ በሰፊ ባሕር ይሰራጫል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ ሌላው ይተካዋል። ስለዚህ በጣም የተራራቁ ሁለት ንብርብሮች አንድ ዝርያ ከያዙ ዘመናቸው ተቀራራቢ ነው። የዓመቱ ቁጥር የሚገኘው በንብርብሮቹ መሃል ባለ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ካሉ ማዕድናት ነው።

የአሞናይት ዘመዶችም ቀንድ አውጣ ሳይሆን ስኩዊድና ኦክቶፐስ የሚባሉት ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳት ናቸው። እስቲ ያገኘኸውን ጠጋ ብለህ እየው፤ ላዩ ላይ እንደ ቅጠል ጠርዝ የተሸራረፉ መስመሮች ካሉ፣ የውስጥ ክፍሎቹ ግድግዳ ከቅርፊቱ ጋር የተጋጠመበት ነው። ቀንድ አውጣ ይህ የለውም።

እንጦጦ ላይ ግን አትድከም፤ ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው፣ አሞናይት ከጠፋ በኋላ የመጣ። የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ነው የጁራሲክ (የዳይኖሰሮች ዘመን) ባሕር ወለል የነበረው። ያንተ ከየት እንደተጫነ ሾፌሮቹን ጠይቅልን፤ ቦታው ካልታወቀ ለሳይንስ ያለው ጥቅም በጣም ይቀንሳል።