ወንዙ ስንት ደረሰ?

ሂዩስተን ላይ ዝናብ ሲጠና የሐበሻው የቴሌግራም ግሩፕ ጠባዩ ይቀየራል። የክፍል ኪራይ ማስታወቂያው፣ የዕቁቡ ወሬ፣ የፖለቲካው ንትርክ ሁሉ ገለል ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ብሬስ ስንት ደረሰ?»

ብሬስ ባዩ በአሊፍ በኩል መጥቶ፣ ሜየርላንድንና የሆስፒታሎቹን ሰፈር ሜዲካል ሴንተርን አልፎ ቡፋሎ ባዩ ውስጥ የሚገባ ወንዝ ነው። ባዩ የሚሉት እንዲህ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እየተንፏቀቀ የሚሄደውን ውሃ ነው። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ብታዩት ከኮንክሪቱ ቦይ ግርጌ ጭል ጭል ይላል። ታዝኑለታላችሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእሱ ነው።

ጥያቄው በተጠየቀ በደቂቃ ውስጥ አንዱ ስክሪንሻት ይለጥፋል። ሂዩስተን ያለችበት የሃሪስ ካውንቲ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ካርታ ነው። ድልድዮቹ ላይ ያሉት ምልክቶች አረንጓዴ ከሆኑ ውሃው ቦዩ ውስጥ ነው። ቢጫ ከሆኑ ወደ አፉ ተጠግቷል። ቀይ ከሆነ መኪናህን ከፍ ያለ ፓርኪንግ ፈልገህ አቁም። ምልክቱን ስትጫነው ውሃው አሁን ያለበት ከፍታ፣ የቦዩ አፍ ከፍታ፣ ባለፉት ትልልቅ ጎርፎች የደረሰበት ልክ ይመጣልሃል። ኡበር የሚነዳው፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ ማደያ የከፈተው፣ ሁሉም ማንበብ ተምሯል። አገር ቤት ሳለ የሃይድሮሎጂን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው «በአንድ ሰዓት ሁለት ጫማ ጨምሯል፤ በብሬስዉድ በኩል እንዳትመጡ» ብሎ ይጽፋል። ደግሞ ልክ ነው።

መሣሪያው ሲያዩት ምንም አይመስልም። ድልድዩ ዳር የቆመ ሣጥን፣ አንድ ሶላር፣ አንድ አንቴና። አንዳንዱ ከድልድዩ ሥር ወደ ታች የሚያይ ራዳር አለው፤ ከውሃው ገጽ ያለውን ርቀት ይለካል። ሌላው ውሃ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ይለካል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ በየ15 ደቂቃው ይመዘግቡና በሳተላይት ይልካሉ። ከፍታ ብቻውን ግን ስንት ውሃ እያለፈ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ወንዙ ሲሞላ፣ ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ሰዓት፣ የሰርቬዩ ሠራተኞች ወደ ድልድዩ ይሄዳሉ። በገመድ የታሰረች ትንሽ ጀልባ ይለቃሉ። ጀልባዋ ላይ ያለው መሣሪያ በድምፅ ሞገድ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ይለካል። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉ «ከፍታው ይህን ያህል ከሆነ በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ ይህን ያህል ነው» የሚል ሰንጠረዥ ያገኛሉ። ወንዙ ታጥቦ ወይም ደለል ሞልቶት ቅርፁ ሲለወጥ ሰንጠረዡም ይታረማል። ብሬስ ላይ ይህ ምዝገባ የተጀመረው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ድሬዳዋ ትመጣብኛለች።

ደቻቱን የማያውቅ ካለ፣ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹን ያገኛቸው ቤታቸው ውስጥ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ያለው ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ እዚያ ሲጥል ታች ያለው ሰው ምን እንደሚመጣበት የሚያውቀው ድምፁን ሲሰማ ነው።

ከዚያ በኋላ የድጋፍ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ጥሩ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ግንብ አይናገርም። ውሃው እየመጣ መሆኑን አይነግርህም። ስንት እንደደረሰም አይነግርህም። ከአናቱ እስኪያልፍ ድረስ ዝም ነው።

ለካን አናውቅም እንዳይባል ደግሞ አገራችን ትለካለች። በብዙ ወንዞቻችን ላይ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ የብረት መለኪያ ተተክሏል። አጠገቡ የሚኖር ገበሬ ወይም የአካባቢው ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ያነብና ደብተር ላይ ይጽፋል። ደብተሩ ተሰብስቦ ወደ ውሃ ሚኒስቴር ይሄዳል። በትንሽ አበል በዝናብና በጭቃ ለዓመታት ሳያቋርጡ ያነበቡ ሰዎች አሉ። ግድቡም ድልድዩም መስኖውም የተነደፈው በእነሱ ቁጥር ነው። ስማቸውን ማንም አያነሳውም እንጂ ለእኔ ጀግኖች ናቸው። ችግሩ የሌሊት ጎርፍ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት መጥቶ 10 ሰዓት ላይ የሄደን ጎርፍ የጠዋቱ ንባብ አያገኘውም። ደብተሩ ላይ ወንዙ ሰላም አድሯል። ቁጥሩ ከተማ የሚደርሰውም ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

አሜሪካን ላቆላምጥ አይደለም ይህን ያነሳሁት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ያ ሁሉ መሣሪያ እያለ ሃሪስ ካውንቲ ላይ በአራት ቀን አንድ ትሪሊዮን ጋሎን ገደማ ውሃ ወረደ፤ ከ150 ሺህ በላይ ቤት ተጥለቀለቀ። መለካት ዝናብ አያቆምም። ይበልጥ የሚያናድደው ግን የአዲክስና የባርከር ነገር ነው። ሁለቱ ከ1935ቱ ጎርፍ በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች መሐል ከተማውን ለማዳን የሠሯቸው ማቆሪያዎች ናቸው። በደህናው ጊዜ ባዶ ናቸው፤ ሜዳና ጫካ ናቸው። መንግሥት ግን ውሃው ሲሞላ ሊደርስበት የሚችለውን መሬት በሙሉ አልገዛም። በቀረው መሬት ላይ ሪል እስቴቱ ቤት እየሠራ ሸጠ። ውሃው እስከየት እንደሚደርስ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር። ቤት ገዢው ግን በአብዛኛው የሚኖረው ማቆሪያ ውስጥ መሆኑን ያወቀው ሳሎኑ ውስጥ ሲዋኝ ነው። በ2019 ፍርድ ቤት በላይኛው በኩል ላሉት ቤቶች መንግሥት ተጠያቂ ነው ብሎ ወሰነ። ቁጥሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ከቀረ እዚህም ያው ደቻቱ ነው።

በሌላ በኩል ሜዲካል ሴንተሩን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሊሰን የተባለው ማዕበል ሲመታው ምድር ቤቱ ያለው ጀነሬተር፣ ላቦራቶሪ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም ውሃ ገባበት። በሽተኛ በደረጃ ተሸክመው ያወጡበት ጊዜ ነው። ከዚያ ጎርፍ የሚዘጉ በሮች ተገጠሙ። ራይስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የዝናቡን ራዳርና የወንዙን ከፍታ አገናኝቶ ብሬስ ስንት ሰዓት ላይ ሊሞላ እንደሚችል ቀድሞ የሚነግር ሥርዓት ለሆስፒታሎቹ አዘጋጅቷል። በር የሚዘጋው ሰው መቼ እንደሚዘጋ ያውቃል። ሃርቪ ሲመጣ ሆስፒታሎቹ በአብዛኛው ሥራቸውን ቀጠሉ።

አዲስ አበባም ወንዞቿን አስታውሳለች፤ ይሄ ደስ የሚል ነው። ሸገርን ማስዋብ የተባለው ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ታቅዶ ነበር። ባለፈው ስመጣ ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር ተንሸራሽሬያለሁ። መብራቱ፣ አበባው፣ ፎቶ የሚነሳው ሙሽራ፣ ሁሉም አለ። እኔ ግን በዚህ ክፉ አመሌ ዓይኔ ድልድይ ሥር ነው የሚሄደው። በሄድኩበት ሁሉ አንድ ቀለም የተቀባ መለኪያ አላየሁም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ጎርፍ ሰው ገድሏል። ውሃው ያኔ የት ደርሶ እንደነበር ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ማስመር ስንት ብር ይፈጃል? ሳተላይቱ ይቆይ። ቀበና ድልድይ ሥር ቢጫና ቀይ ቀለም ብንቀባ፣ ካፌ የከፈተውም፣ ጥበቃውም፣ ዳር ላይ ሸራ የወጠረችውም ማንበብ ትችላለች። የሂዩስተን ሐበሻ ከቻለ የቀበና ልጅ ያቅተዋል?

ድሬ ያለችው አክስቴ ግን የራሷን ዘዴ ይዛለች። ክረምት ላይ ማታ ማታ ከድሬ በላይ ተራራው ላይ፣ ደንገጎ ላለ አንድ የዘመድ ልጅ ትደውላለች። «እላይ እየጣለ ነው ወይ?» ነው ጥያቄዋ። እየጣለ ነው ካላት ልጆቹን ሰብስባ ከፍ ያለ ቦታ ወዳለችው ጎረቤቷ ሄዳ ታድራለች። መሣሪያ የላትም እንጂ የምታደርገው ነገር ትክክለኛው ነው፤ ራይስ ዩኒቨርሲቲም የሚያየው ከላይ የሚጥለውን ዝናብ ነው። የሂዩስተኑን ካርታ በቪዲዮ ሳሳያት በጥሞና አየችው።

«መብራት ሲጠፋስ ይሠራል?» አለችኝ።

ሶላርና ባትሪ እንዳለው ነገርኳት።

«እንግዲያ ለደንገጎ አንድ ላክልን። ይሄ ልጅ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሳም።»