«እንቁላል ውስጥም አለ» መልስ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት የቀረቡ የምግብ ፋብሪካ ባለሙያ፣ ብስኩትና ማርጋሪን ውስጥ ስለሚገቡት ኢሙልሲፋየሮች (ዘይትንና ውሃን የሚያዋህዱ ማዋሃጃዎች) ከደሴ ደውላ ለጠየቀቻቸው አድማጭ «እህቴ፣ የእንቁላል አስኳልም እኮ አለው፤ ምን ያስፈራል?» ብለው በሳቅ አለፏት። አስኳል ዘይትንና ውሃን የሚያዋህድ ሌሲቲን እንዳለው ማንም አልካደም። በዚህ ስሌት ግን ኮሶም ከዛፍ የሚለቀም ነውና ከኮክ እኩል ይቅረብልን።

ጥያቄው በእሽጉ ላይ ኢ 471 ተብሎ የሚጻፈው ኢሙልሲፋየር ከምን ተሠራ የሚል ነው። ሞኖና ዳይግሊሰራይድ የሚባለው ይህ ማዋሃጃ ከዘንባባ ወይም ከአኩሪ አተር ዘይት ይሠራል፤ ከበሬ ሞራ ወይም ከአሳማ ስብም ሊሠራ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በጾም ሰሞን ፒያሳ አንድ ሱቅ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት የብስኩት እሽግ ይዘው «ልጄ፣ የጾም ነው?» ብለው ጠየቁ። ባለሱቁ እሽጉን ገልብጦ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡትን የባዕድ ፊደላት አፍጥጦ አየና «አብሽሩ እማማ፣ የጾም ነው» አላቸው። ከኋላቸው የቆመች ሒጃብ የለበሰች ልጅ ያንኑ ብስኩት አንሥታ «ሐላል ነው?» ብትለው መልሱ ያው «አብሽሪ» ሆነ። ባለሱቁን አልወቅስም፤ እሱም እንደ እኛው ያየው ቁጥር ነው። የሚያሳዝነው፣ ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚቀርበው በሬ በሙስሊም እጅ እንዲታረድ በሚጠነቀቅበት በወሎ ምድር፣ የሁለቱንም ሃይማኖት ሥርዓት ሦስት አሃዞች እንዲዳኙት መተዋችን ነው።

«ጉዳት የለውም» የሚለውም ቢሆን እንዲህ በሳቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በፈረንሳይ 92,000 ያህል አዋቂዎችን የተከታተለ ጥናት ኢ 471ን አብዝቶ መመገብን ከካንሰር ሥጋት መጨመር ጋር አያይዞታል። መንስኤው ይኸው ነው ብሎ እንዳልደመደመ አውቃለሁ፤ ሆኖም የሚበላው ሰው አውቆ የመምረጥ መብት እንዳለው ለማመን የግድ መታመም የለብንም።

አምራቹ ማዋሃጃውን ሲገዛ ከየት እንደተገኘ አቅራቢውን ጠይቆ ማወቅ ይችላል፤ ካልጠየቀ ደግሞ ጥፋቱ የባሰ ነው። ማሸጊያው ለአንበሳና ለፊኛ ሥዕል ሰፊ ቦታ ካገኘ፣ በአማርኛ «ከዕፅዋት የተገኘ» ለሚሉ ሁለት ቃላት ቦታ ጠፋ ሊባል አይችልም። እኚያ እናት ግን «አብሽሩ» አላሳመናቸውም፤ እሽጉን መልሰው የአንድ ጣሳ ቆሎ አስሰፈሩ።