ሸክሙ ለእኛ ሲሆን

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከምቆጣቸው ውስጥ እኔም አለሁበት፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ክብደት ማንሳት ጀምራለች። ማታ ቦርሳዋን አንግታ ከጂም ስትመለስ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ወንዶች «ወንዳወንድ!» ይሏታል። ይሄ ሳያንስ ጎረቤቶች ቡና ላይ እናቷን ይመክራሉ። «ኧረ ማህፀኗ ይወርዳል! ኋላ ማን ያገባታል?»

እነዚሁ ጎረቤቶች ውሃ ሲጠፋ የቤት ሠራተኛቸውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሸክመው ይልካሉ። ልጅቷ በዕድሜ ከእህቴ ልጅ ታንሳለች። ስለ እሷ ማህፀን የተጨነቀ ሰው ግን አልሰማሁም። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን ማገዶስ ከሐይቁ ዳር በጀርባው የሚያወጣው ማን ነው? ጎብጠው ሲሄዱ እያየን እናልፋቸዋለን። አራስ የሆነችም አትጠፋም። ሐኪም አራስ ከባድ ነገር እንዳታነሳ የሚመክረው እኮ ለዚሁ ነው። ማህፀን ካሳሰበን እዚያ ላይ እንጩህ!

ሸክሙ ለእኛ ሲሆን ሴትነቷን አይነካም። ለራሷ ክብር ስታነሳ ነውር ይሆናል። ይሄ ያሳፍራል።

የምትፈርዱት በማታውቁት ነገር ነው። ሴቶች ኦሎምፒክ ላይ ክብደት ማንሳት የጀመሩት በመስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ነው። ሐምሌ 2013 ቶኪዮ ላይ ዝቅተኛው የሴቶች ምድብ 49 ኪሎ ነበር። ያሸነፈችው ቻይናዊቷ ሆው ዢሁዊ ናት። መጀመሪያ 94 ኪሎ ከመሬት መንጭቃ በአንድ ትንፋሽ ከራሷ በላይ አወጣች፤ ስናች ይሉታል። ቀጥላ 116 ኪሎ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ወደ ላይ ገፋችው። ግማሽ ኩንታል የማትሞላ ሴት ከአንድ ኩንታል ጤፍ የሚከብድ ብረት ከራሷ በላይ ይዛ ቆመች። እህል ገበያ ያሉ ወዛደሮች ይፍረዱ።

ጉልበት ብቻም አይበቃም። በየአነሳሱ ያላት ሦስት ዕድል ነው። በአንዱ ሦስቱንም ከሳተች ጠቅላላ ውጤት የላትም። ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ የወጣችው ህንዳዊቷ ሚራባይ ቻኑ በ2008 ሪዮ ላይ ይሄው ደርሶባታል። ሁለተኛውን አነሳስ ሦስቴ ሞክራ አልሆነላትም፤ ባዶ እጇን ወጣች። ከአምስት ዓመት በኋላ ብር አጠለቀች። ይህች ሴት ስታድግ ከጫካ ማገዶ ትሸከም ነበር።

ፊሊፒንሳዊቷ ሂዲሊን ዲያዝም አለች። እዚያው ቶኪዮ ላይ በ55 ኪሎ ምድብ ለአገሯ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣች። በኮሮና ጊዜ ጂም ሲዘጋባት ቀርከሃ ላይ ውሃ የተሞላ ዕቃ አንጠልጥላ ትለማመድ ነበር።

ውሃና ማገዶ። በጣና ዙሪያ ይሄን ሸክም የማታውቅ ስንት ሴት አለች?

በረንዳ ላይ የምትቀመጡ ወንድሞቼ፣ አፋችሁን ሰብስቡ። ቡና ላይ የምትመክሩ እናቶቼ፣ ምክሩን ለጀሪካኑ አድርጉት። ወንድ ልጅ ካላችሁ ውሃውን እሱ ያምጣ። የእህቴ ልጅ ነገም ማታ በዚያው መንገድ ታልፋለች። «እንዴት አመሸሽ?» በሏት።