ውዳሴ ፍተሻ

የታዳጊ አገር ጠላት ብዙ ነው። ድንበሩ ረጅም፣ ጠባቂው ጥቂት፤ መሣሪያው በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ምስጢሩ በስልክ ይወጣል፣ ለሠራዊቱ የተመደበው ገንዘብ መንገድ ላይ ይሳሳል። ይህን ሁሉ መዓት በር ላይ የቆመ አንድ ሰው በያዛት የፕላስቲክ ዱላ ይመክተዋል ብሎ ማመን ትልቅ እምነት ይጠይቃል። እኛ ግን አምነናል። ከተፈተሽን ደኅና ነን፤ ሳንፈተሽ ካለፍን ሆዳችን ይባባል። እስቲ ዛሬ ትችቱን ትተን ፍተሻን በወጉ እናወድስ።

ከዱላዋ እንጀምር። የብረት መፈለጊያዋ ዙሪያዋን መግነጢሳዊ መስክ ትዘረጋለች፤ ብረት ሲገባበት ትጮኻለች። ሙያዋ እዚህ ላይ ያበቃል። ባሩድ አታሸትም፣ ፕላስቲክ ፈንጂ አታውቅም፣ ፈሳሽም ጉዳይዋ አይደለም። ደንቡ ከሰውነት ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቆ፣ ከአንገትጌ ጀምሮ በብብት ሥር፣ በወገብ ዙሪያ፣ በእግር ውስጠኛው በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት ዝግ ብሎ መውረድ፣ ከዚያ በጀርባ በኩል መድገም ነው። ስትጮህ ያስጮኻት ነገር ወጥቶ ይታያል፤ ቦታውም እንደገና ይፈተሻል። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ተጠቃሎ አንድ ውልብታ ሆኗል፤ ፈታሹ ዝንብ የሚያባርር ይመስል ደረት ላይ አንዴ፣ ጭን ላይ አንዴ ያወዛውዛታል። ጮኸች። «ቁልፍ ነው» ይላል ተፈታሹ። «እለፍ» ይላል ፈታሹ። ቁልፉን ያየው የለም። መተማመን የሌለበት አገር እንዴት ያድጋል? የ9 ቮልት ባትሪዋ ሲያልቅማ ሥራው ይበልጥ ይቀላጠፋል፤ እሷ ዝም እስካለች ድረስ አላፊው ሁሉ ንጹሕ ነው።

ሰው የሚያልፍበት የፍተሻ በር ደግሞ የባሰ ትዕግሥተኛ ነው። በየፈረቃው መጀመሪያ መሞከሪያ ብረት በቁርጭምጭሚት፣ በወገብና በትከሻ ከፍታ ይዞ በማለፍ በሦስቱም ቦታ መጮኹ መረጋገጥ ነበረበት። ይህን የሚያደርግ የለም እንጂ። በሩ በደንብ እንዲለይ ከተስተካከለ ቀበቶውም፣ ሳንቲሙም፣ የጫማው ብረትም ያስጮኸዋል፤ ሰልፉ ይቆማል፣ አለቃ ይቆጣል። ቴክኒሻን ይጠራና በሩን ዝም እስኪል ድረስ ያደነቁረዋል። ከዚያ በኋላ አረንጓዴ መብራቱ ብቻ ይበራል። ያምራል።

ኤክስሬዩ ጋ ለሚቀመጠው ባለሙያ ሐውልት ቢቆምለት አይበዛበትም። በአውሮፓ አየር ማረፊያዎች ደንብ አንድ ሰው ስክሪኑ ላይ ሳያቋርጥ የሚያፈጥጠው ቢበዛ ለ20 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ዓይን ይፈዝዛል፣ ሽጉጡ ከፊት ለፊቱ ቢያልፍ አያየውም። የእኛው ጀግና ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አይነቃነቅም፤ አንድ ዓይኑን ለስክሪኑ፣ አንዱን ለስልኩ አካፍሎ። ማሽኑ ብረትን በሰማያዊ፣ ሳሙናን፣ መጽሐፍንና ፈንጂን በብርቱካናማ ያሳያል። ሳሙናውን ከፈንጂው የሚለየው ቅርጹን፣ ጥግግቱንና የሽቦውን አካሄድ ማንበብ የሚችል ሰው ነው። የእኛው የተሰጠው ሥልጠና ማብሪያና ማጥፊያው የት እንዳለ ነው።

መዝገቡን ሳያነሱ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ስም፣ ስልክ፣ የመጣበት መሥሪያ ቤት፣ የሚያነጋግረው ኃላፊ፣ የገባበት ሰዓት፤ ሁሉም በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ያነበዋል። ሰላይ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ለማወቅ ወራት ሲለፋ የሚኖረው አላዋቂ ሆኖ ነው እንጂ፣ መታወቂያውን አስይዞ እስክሪብቶ ቢለምን ይበቃው ነበር። ከመዝገቡ በላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የግቢው ጣሪያና የኋላ በር በሳተላይት ካርታ በማንም ስልክ ላይ ይታያሉ።

መኪና ሲመጣ መስተዋቷ ትወጣለች። የመኪናን ሥር መፈተሽ መብራት ይጠይቃል፤ የጎማውን ጉድጓድ፣ የነዳጅ ታንኩን ዙሪያ፣ የጭስ ማውጫውን መስመር፣ አዲስ የታሰረ ሽቦና ጭቃ ያልነካው ንጹሕ ቦታ እያዩ ደቂቃዎች ይወስዳል። እኛ መስተዋቷን በግራ በኩል ገባ ወጣ አድርገን ኮፈኑን መታ እናደርጋለን። ያውም ለተርታው ሰው መኪና ነው። መስታወቱ የጠቆረ መኪና ሲመጣ ሰንሰለቱ ከሩቁ ይወርዳል፣ ሰላምታ ይቀርባል። ፈንጂ የጫነ ሰው ጥቁር መስታወት ማስለጠፍ ነውር መሆኑን ያውቃል ብለን እናምናለን።

ሰልፉስ? ግቢው እንዳይመታ ተብሎ ሁለት መቶ ሰው አጥሩ ሥር፣ አስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ይቆማል። አጥፍቶ ጠፊ ሕዝብ የተጠቀጠቀበት ቦታ ፍለጋ ውስጥ መግባት አያሻውም፤ ያልተፈተሸው ሰው ሁሉ ውጭ ተሰብስቦለታል።

ፍተሻ ግን ፍጹምነቱን ያየው ኢራቅ ውስጥ ነው። ኤዲኢ 651 የሚባል ቦምብ መፈለጊያ፣ አንዳንዱ እስከ 60,000 ዶላር ተሽጦ፣ በየኬላው ታደለ። እጀታ አለው፣ እጀታው ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል አንቴና ተሰክታለች። ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከያዘው ሰው ነው ተባለ፣ ስለዚህ ወታደሩ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ ይራመዳል። ፈንጂውን ይለያል የተባለው ካርድ እንግሊዝ አገር ላቦራቶሪ ገብቶ ሲከፈት የተገኘበት በሱቅ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ የሌባ መከላከያ ምልክት ብቻ ነው። መሠረቱ ደግሞ ከ20 ዶላር በታች የሚሸጥ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻ ነበር። የአገሩ የፈንጂ መከላከል ኃላፊ ጄኔራል ሲጠየቁ፣ አስማትም ይሁን ሳይንስ ግድ እንደሌላቸው፣ ዋናው ቦምብ ማግኘቱ እንደሆነ ተናገሩ። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ በ2013 ለንደን ላይ 10 ዓመት ተፈረደበት። እሱ ታሰረ፣ አንቴናዋ ባግዳድ ላይ ሥራዋን ቀጠለች። በሐምሌ 2016 ካራዳ በተባለው ሰፈር ፈንጂ የጫነ መኪና ከ300 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ ነው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኬላ እንድትነሣ ያዘዙት። ታይላንድም ጂቲ200 የተባለችውን የአክስቷን ልጅ ገዝታ ነበር፤ በ2010 ሲሞክሯት ከ20 ጊዜ 4 ጊዜ አገኘች። በጭፍን የሚገምት ሰው አያንሳትም።

ከበሩ ኋላ ያለውን ግን ምን አስፈተሸን? ቤይሩት ወደብ መጋዘን ቁጥር 12 ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት፣ ማለትም ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚውል ኬሚካል፣ ዓመታት ተቀመጠ። የጉምሩክ ሰዎች ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፉ፤ ነሐሴ 2020 እስኪፈነዳ የሰማቸው የለም። ኢራቅም ለዱላዋ ስትከፍል የኖረችው ለሌሉ ወታደሮች ደመወዝ እየከፈለች ነበር። ሞሱል በሰኔ 2014 ወደቀች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ 50,000 የስም ወታደር መገኘቱን ለፓርላማ ነገሩ። በአካል የሌለ ሰው በየትኛውም በር ቢያልፍ አይጮኽም፤ የሚጮኸው የደመወዝ ዝርዝሩን ከሰልፉ ጋር በጣት አሻራ ያመሳከረ እንደሆነ ነው። ያንን ዝርዝር የሚያዘጋጀው ደግሞ ደመወዙን የሚበላው አለቃ ነው።

የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክን የዘረፉትም በበሩ አልመጡም። ቫይረሱ የሥራ ማመልከቻ መስሎ በኢሜይል ገባ። መርማሪዎች እንዳሉት የባንኩ ኔትወርክ ፋየርዎል፣ ማለትም ሰርጎ ገብን የሚያግድ አጥር፣ አልነበረውም፤ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙት ስዊቾችም በ10 ዶላር የሚገዙ አሮጌዎች ነበሩ። በየካቲት 2016 ሌቦቹ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር እንዲተላለፍ አዘዙ፤ 81 ሚሊዮኑ ማኒላ ደረሰ፤ ወደ ስሪላንካ የተላከውን 20 ሚሊዮን ያዳነችው አንዲት የፊደል ስህተት ናት። የክፍያ መልእክቶችን የሚያትመው ፕሪንተር ሥራ አቁሞ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን የተለመደው ብልሽት መሰላቸው።

እኛም ሰርቨር ክፍላችን አለን። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ እንዳይረሳም በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሊጠግን የገባው ቴክኒሻን ፍላሹን በኪሱ ይዞ አለፈ፣ ፍላሽ አይጮኽማ። የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር ግን በር ላይ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ሲገባና ሲወጣ።